«ማነህ?» ብሎ መጠየቅ፦ የራዲዮኑ መርማሪና የወታደር ቤት

የቤተሰብ ማዕዘን



አበው ስለ ጥርጣሬ ሲናገሩ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። ደግመውም «ጠርጥር፤ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ሲሉ ያስጠነቅቃሉ። ሁለቱም አባባሎች እውነትነት አላቸው፤ ይልቁንም ለወታደር። በጥበቃ ላይ የቆመ ዘብ የማይጠረጥር ከሆነ እርሱም ባልደረቦቹም ለአደጋ ይጋለጣሉ። ይኸው ዘብ ግን በጨለማ ኮቴ ስለ ሰማ ብቻ አይተኩስም። አስቀድሞ «ቁም! ማነህ?» ብሎ ይጣራል፤ መልስም ይጠብቃል። በጥርጣሬና በፍርድ መካከል የምትገኘው ያች አንዲት ጥያቄ ስንት ወገን ከሞት እንዳዳነች ዘብ ቆሞ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል።

የዛሬው የማዕዘናችን ርእስ መዝናኛ ነው፤ ይኸውም በቀድሞ ዘመን በራዲዮ ይተላለፉ የነበሩት የወንጀል ምርመራ ድራማዎች ናቸው። ድራማዎቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያሳዩት፣ ሰው ከጠረጠረ በኋላና ከመፍረዱ በፊት ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው። ይህን የምንጽፈው ከናይሮቢ በስተ ምሥራቅ በኢምባካሲ ሆነን ነው። የብዙዎቻችን ቤተሰብ አገር ቤት ይገኛል። ስለ ቤታችን የምናውቀው አብዛኛው ነገር በስልክ የሰማነው ነው፤ ባለቤቶቻችንም ስለ እኛ የሚያውቁት እንዲሁ የሰሙትን ነው። ስለዚህ በጆሮ ብቻ እውነቱን ከሐሰቱ ስለ መለየት መነጋገር ለእኛ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ጆሮ የዓይንን ሥራ የሠራበት ዘመን

(ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪኮችን ዘመን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ቴሌቪዥን በየቤቱ ከመግባቱ በፊት፣ ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ፣ በአሜሪካ የአንድ ቤት ቤተሰብ ከራት በኋላ ተሰብስቦ የሚቀመጠው በራዲዮ ዙሪያ ነበር። በጥቅምት 1930 ሸርሎክ ሆልምስ ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ ራዲዮ ተሰማ። በ1937 ደግሞ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት የነበረው ኦርሰን ዌልስ «ጥላው» በተባለው ድራማ ውስጥ ወንጀለኞችን የሚያሳድደውን ባለታሪክ ተጫወተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 ሳም ስፔድ፣ በ1947 ፊሊፕ ማርሎ፣ በ1949 ደግሞ ጆኒ ዶላርና «ድራግኔት» የተባለው የፖሊስ ድራማ ተከታትለው መጡ። ከእነዚህ መካከል ረጅም ዕድሜ ካገኙት አንዱ የሆነው የጆኒ ዶላር ድራማ የመጨረሻ ክፍሉ የተላለፈው መስከረም 30 ቀን 1962 ነው። ያች ምሽት የአሜሪካ የራዲዮ ድራማ ዘመን ያከተመባት ምሽት ተደርጋ ትታወሳለች።

አሠራሩ ቀላልም ረቂቅም ነበር። ተዋንያኑ የተጻፈውን ይዘው በማይክሮፎን ፊት ይቆማሉ። ከእነርሱ አጠገብ የድምፅ ባለሙያው ጠጠር የተሞላ ሣጥን ያስቀምጥና በጫማው እየረገጠ የሰውን ኮቴ ያሰማል። በእንጨት ፍሬም ላይ የተተከለች ትንሽ በር ከነቁልፏ አለችው፤ እርሷን ሲከፍትና ሲዘጋ አድማጩ ሙሉውን ቤት ያያል። ቀጭን የመጠቅለያ ላስቲክ በእጁ ሲያፍተለትል እሳት ይነዳል፤ ለሁለት የተከፈለ የኮኮናት ቅርፊት ሲያጋጭ ፈረስ ይጋልባል። ነፍሰ ገዳዩ መልክ የለውም። ያለው ድምፁ፣ አረማመዱ፣ የተናገረውና ሳይናገር የተወው ነው። ስለዚህ አድማጩ ሳያውቀው ራሱ መርማሪ ይሆናል፤ «ይህ ሰው ከተናገረው ውስጥ በዓይኑ ያየው የቱ ነው? ከሌላ የሰማውስ? በግምት የጨመረውስ?» እያለ ይለያል።

መርማሪዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። እንደ ሸርሎክ ሆልምስ ያለው ከጫማ ላይ ጭቃ፣ ከምንጣፍ ላይ የትንባሆ አመድ አይቶ በሰከነ አእምሮ የሚፈታው ነው። ሁለተኛው ከአሜሪካ ከተሞች የወጣው ኮስታራ መርማሪ ነው። ይህኛው ቢሮው የኪራይ፣ ኪሱ ባዶ፣ ንግግሩ አጭር ነው። በዝናብ ሲመላለስ ያመሻል፤ በየጨለማው ይደበደባል። ሀብታም ገንዘብ ሲዘረጋለት፣ ባለሥልጣን ሲቆጣው፣ ቆንጆ ሴት ስታለቅስበት ልቡ አይናወጥም ማለት አይደለም፤ ግን የያዘውን ነገር ሳያጣራ አይለቅም። አድማጭ የወደደውም ስለዚህ ነው። ድኻም ቢሆን የማይገዛ ሰው ነው።

ወታደር የሆነ አድማጭ በተለይ ፈገግ የሚልባቸው ነገሮች አሉ። ሳም ስፔድ እያንዳንዱን ታሪክ የሚተርከው ለጸሐፊው ለኤፊ ሪፖርት እያስጻፈ ነው። ጆኒ ዶላር የኢንሹራንስ ድርጅቶች መርማሪ ሲሆን፣ ታሪኩ ሁሉ የሚፈስሰው በወጪ ሒሳብ ዝርዝሩ ላይ ነው፤ ለታክሲ ይህን ያህል፣ ለስልክ ይህን ያህል እያለ ይሄድና በየወጪው መካከል ሬሳ ይገኛል። ከግዳጅ ተመልሶ የውሎ አበል ሒሳብ ያወራረደ ሰው የዚህ ጨዋታ ለዛ አይጠፋበትም። «ድራግኔት» ደግሞ ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ እውነተኛ መዛግብት ላይ እየተነሣ፣ የባለጉዳዮቹን ስም ቀይሮ፣ ቀኑንና ሰዓቱን እየጠቀሰ ያለ ጌጥ ይተርክ ነበር።

የወታደር እጅ ያረፈበት ጽሑፍ

ይህ የጽሑፍ ዓይነት ከጦር ሠፈር የራቀ አይደለም። የሸርሎክ ሆልምስ ወዳጅና ተራኪ የሆነው ዶክተር ዋትሰን በ1887 በታተመው የመጀመሪያ ታሪክ ላይ ከአፍጋኒስታን ጦርነት ቆስሎ የተመለሰ የጦር ሐኪም ነው። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይልም በ1900 በደቡብ አፍሪካ በቦር ጦርነት ጊዜ በብሉምፎንቴይን በነበረ የጦር ሆስፒታል በሐኪምነት አገልግሏል። የፊሊፕ ማርሎ ደራሲ ሬይመንድ ቻንድለር በአንደኛው የዓለም ጦርነት በካናዳ ጦር ውስጥ ተሰልፎ በፈረንሳይ ምሽግ ውሏል።

ከሁሉ የሚደንቀው የሳም ስፔድ ፈጣሪ የዳሺል ሐሜት ታሪክ ነው። ሐሜት ከመጻፉ በፊት ፒንከርተን በተባለው የግል ምርመራ ድርጅት ውስጥ እውነተኛ መርማሪ ነበር። በ1918 ወታደር ሆኖ ገባና ሕመም ተጣባው፤ የሳንባ በሽታው ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። ይህም ሆኖ በ1942፣ በአርባ ስምንት ዓመቱ፣ ስሙ በዓለም ከታወቀ በኋላ፣ እንደገና ተራ ወታደር ሆኖ ተመዘገበ። የተላከውም በሰሜን ፓስፊክ ብርድና ጭጋግ ወደማይለያት ወደ አዳክ ደሴት ነበር። በዚያም በ1944 ከሌሎች ወታደሮች ጋር ሆኖ «አዳኪያን» የተባለ የጦር ሠፈር ዕለታዊ ጋዜጣ ያዘጋጅ ጀመር። እኛ የሠፈር ጋዜጣ አዘጋጆች በዚህ ጥቂት ብንኮራ አይፈረድብንም።

ድራማዎቹም ቢሆኑ ከጥፋት የተረፉት በአመዛኙ በወታደር ምክንያት ነው። በ1942 የአሜሪካ ጦር በየጦር ግንባሩ ለተበተነው ሠራዊት የጦር ኃይሎች ራዲዮ አገልግሎት አቋቋመ። ይህ አገልግሎት የታወቁትን ድራማዎች በትላልቅ ሸክላዎች ላይ እየቀዳ፣ የሳሙናና የፀጉር ቅባት ማስታወቂያውን እየቆረጠ፣ ጦሩ ወዳለበት ሁሉ ይልክ ነበር። ዛሬ የእነዚህ ድራማዎች በርካታ ክፍሎች የሚደመጡት እነዚያ የሠራዊቱ ሸክላዎች ስለ ተገኙ ነው። ሁሉም ግን አልተረፉም። ከሳም ስፔድ ከ200 የሚበልጡ ክፍሎች ውስጥ አብዛኞቹ እንደ ወጡ ቀርተዋል።

ይኸው የሠራዊት ራዲዮ በእኛም አካባቢ ጣቢያ ነበረው፤ አሥመራ በነበረው የአሜሪካ ጦር ሠፈር በቃኘው ጣቢያ። የሠፈሩ ስም የተወሰደው በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ከዘመተው የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ነው፤ ቃኘው የሚለውም ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው የመጣ ነው። ጣቢያው በ1977 እስኪዘጋ ድረስ የአሜሪካ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ከአገራቸው የመጣላቸውን ፕሮግራም በዚያ ያደምጡ ነበር። ከቤቱ የራቀ ወታደር ማታ ማታ በጆሮው አገሩን ሲፈልግ በየትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው።

በእኛ አገርና በጎረቤት

የኢትዮጵያም አድማጭ ራዲዮ ፊት እንዴት እንደሚቀመጥ ያውቃል። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርከው ራዲዮ ያለው ቤት ለጎረቤት ሁሉ ክፍት እንደ ነበር ወላጆቻችን ይነግሩናል። አንድ ሰው ብቻውን ፊታውራሪውንም፣ ገበሬውንም፣ ወይዘሮዋንም በድምፁ ለይቶ ያሳያቸው ነበር። በምርመራ ታሪክ ረገድም በአማርኛ ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶችን በመጻፍ ይታወቃል፤ ማሞ ውድነህም የስለላ ታሪኮችን እየተረጐመ ለብዙ አንባቢ አድርሷል። የእነዚህ መጻሕፍት ሽፋን እስኪነጭ ድረስ በየጦር ሠፈሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም።

በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ የዛንዚባሩ ደራሲ ሙሐመድ ሰዒድ አብዱላ ብዋና ምሳ የተባለውን መርማሪ ፈጠረ። ብዋና ምሳ ፒፓ የሚያጨስ፣ ነገር የሚያሰላስል፣ የሸርሎክ ሆልምስ የሥጋ ዘመድ የሚመስል ሰው ነው። የመጀመሪያው ታሪክ በስዋሂሊ የድርሰት ውድድር አንደኛ ወጥቶ በ1960 በምሥራቅ አፍሪካ የሥነ ጽሑፍ ቢሮ አማካይነት ታተመ፤ የቢሮው መቀመጫም ይህችው ናይሮቢ ነበረች። ነገሩ የሚጀምረው በጥንት ሰዎች የመናፍስት ቦታ በተገኘ ሬሳ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ሰው ሞቶ ሲገኝ «መንፈስ ገደለው» ብሎ ወደ ቤት መግባት ቀላል ነው። መርማሪው ግን የሰው እጅ ይፈልጋል።

ያለ ማስረጃ የሚጠቁም ጣት

እኛም በአገራችን «መንፈስ ጠቆመ» የምንልበት ዘመን ነበረን። ሌባ ሻይ ይባል በነበረው ልማድ ለአንድ ብላቴና የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡትና በገመድ ይዘው ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ምስክር የለ፣ ጥያቄ የለ፤ የሰከረ ሕፃን አወዳደቅ ፍርድ ይሆናል። ከዚህ ጎን ለጎን ደግሞ አውጫጭኝ ነበረ። የአገሩ ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሳይበተን፣ ያየ ያየውን የሰማ የሰማውን እንዲናገር ይደረግ ነበር። አውጫጭኝም ጉድለት ነበረበት፤ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ከሥራው አስፈትቶ ያውላል። ይሁን እንጂ ቢያንስ ሰው ይጠይቃል፤ «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» የሚለውን መንገድ ይዟል።

በዚህ በኢምባካሲም ከእግራችን በታች ያለው መሬት ስለዚሁ ነገር ይመሰክራል። በ1952 የእንግሊዝ ቅኝ ገዢ መንግሥት በማው ማው ትግል ምክንያት በኬንያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ሚያዝያ 24 ቀን 1954 ጦሩ ናይሮቢን ከብቦ ሕዝቡን እየሰበሰበ ያጣራ ጀመር። በማጣሪያው ቦታ ከራሳቸው እስከ እግራቸው በጆንያ የተሸፈኑ፣ ለዓይናቸው ብቻ ቀዳዳ ያላቸው ጠቋሚዎች ይቆሙ ነበር። ሕዝቡ «ጋኩኒያ» ይላቸዋል። ሰው በፊታቸው ሲያልፍ ራሳቸውን ከነቀነቁበት ያ ሰው ወደ እስር ይሄዳል። ማን እንደ ጠቆመው አያይም፤ ምን እንዳደረገ አይጠየቅም፤ መልስ የሚሰጥበት ችሎት የለም። በዚያ ዘመቻ ከ20,000 የሚበልጡ ሰዎች ያለ ፍርድ ታሰሩ። በእነዚያው ዓመታት የማው ማው እስረኞች የኢምባካሲን አውሮፕላን ማረፊያ እንዲሠሩ ተደረገ፤ ማረፊያውም በ1958 ተከፈተ።

አውሮፕላን ማረፊያው ከ1978 ጀምሮ የሚጠራው በጆሞ ኬንያታ ስም ነው። ኬንያታ ራሳቸው በ1953 በካፔንጉሪያ ችሎት የሰባት ዓመት እስራት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈርዶባቸው ነበር። በእርሳቸው ላይ ዋና ምስክር ሆኖ የቀረበው ሮውሰን ማቻሪያ ግን በ1958 ምስክርነቱ ሐሰት እንደ ነበረና ለዚያም ጥቅም ቃል እንደ ተገባለት በቃለ መሐላ ገለጠ። ዛሬ ባለቤቶቻችን ሊጠይቁን ሲመጡ የሚያርፉት በዚያው ሜዳ ላይ ነው።

የሳም ስፔድም መጨረሻ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። በሰኔ 1950 በአሜሪካ በኮሙኒስትነት የሚጠረጠሩ 151 የራዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎችን ስም የያዘ አንድ መጽሐፍ ወጣ። በዝርዝሩ ውስጥ ሳም ስፔድን የሚጫወተው ሃዋርድ ዳፍ ይገኝበት ነበር። ፍርድ ቤት አልፈረደበትም፤ ስሙ መጻፉ ብቻ በቂ ሆነ። ድራማው በዚያው ዓመት ተቋረጠ፤ አድማጮች ደብዳቤ ስላዘነቡ በሌላ ተዋናይ ተመልሶ በ1951 ጨርሶ ጠፋ። በዚያው በ1951 ደራሲው ሐሜት ለእስረኞች ዋስትና ገንዘብ ያዋጡ ሰዎችን ስም እንዲናገር በፍርድ ቤት ተጠይቆ እምቢ ስላለ ወህኒ ወረደ። ያለ ማስረጃ የማይፈርደውን መርማሪ የፈጠሩትና ድምፅ የሰጡት ሰዎች በጥርጣሬ ዝርዝር ከሥራቸው ተባረሩ። ሁለት ጦርነት ያገለገለው ሐሜት በ1961 ሲሞት የተቀበረው ግን በአርሊንግተን የወታደሮች መካነ መቃብር ነው።

በአንድ ቤት የሆነው

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ራሳችን እንመለስ። የምናውቀው አንድ ቤት አለ። ስም አንጠራም፤ ክፍሉንም አንገልጥም።

ባልየው ግዳጅ ላይ ሳለ ከሠፈር ሰው በስልኩ መልእክት ደረሰው፤ «ባለቤትህን ማክሰኞ ማታ ከአንድ ወንድ ጋር በባጃጅ ስትሄድ አየናት» የሚል። በመልእክቱ ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ማታ ነበር፤ ባጃጅም ነበረ፤ ወንድም ነበረ። ባልየው ከዚህ ሌላ አልጠየቀም። ስትደውልለት ስልክ አላነሣም። ደመወዙን እንድትቀበል የሰጣትንም ውክልና አነሣ። ሁለት ወር ሙሉ ወደ ቤቱ ገንዘብ አልገባም። ባለቤቱ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ልጆቿን አሳደረች። እርሱም ቢሆን አልተመቸውም፤ በጥበቃ ላይ ሆኖ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ለራሱም ለጎኑ ሰው ሥጋት መሆኑን አለቆቹ ሁሉ ያውቃሉ።

ነገሩን ያነሡት አንድ በዕድሜ የገፉ ሻምበል ባሻ ናቸው። ለብቻው ጠርተው፣ «ልጄ፣ ሰውዬው ማን እንደሆነ ጠይቀሃል?» አሉት።

«አልጠየቅሁም፣ ሻምበል ባሻ።»

«ባጃጁስ ወዴት እንደ ሄደ?»

«አላውቅም፣ ሻምበል ባሻ።»

«ታዲያ ምን አውቀህ ነው ውክልናውን ያነሣኸው?»

ሲጣራ ሰውዬው ከገጠር ለጥየቃ የመጡ የባለቤቲቱ አጎት ሆነው ተገኙ። በዚያች ማታ ትንሿ ልጅ በትኩሳት ስትንዘፈዘፍ ታቅፈው ወደ ጤና ጣቢያ ያደረሷት እርሳቸው ናቸው። በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ የልጅቱ ስም፣ ቀኑ፣ የታዘዘው መድኃኒትና ማኅተሙ ሁሉ ነበረ። ካርዱ ሁለት ወር ሙሉ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። «አሳዪኝ» ያለ ሰው ግን አልነበረም።

ባልና ሚስት ታርቀው አብረው ይኖራሉ። እርሷ ግን ካርዱን እስከ ዛሬ አልጣለችውም። ሽማግሌዎቹ «ይቅር አልሽው ወይ?» ሲሏት፣ «ይቅር ብዬዋለሁ፤ ቢጠይቀኝ ኖሮ ግን ይቅር የምለው ነገር አይኖርም ነበር» ብላ መለሰች።

ነገሩ በተገላቢጦሽም ይደርሳል። «ባልሽ ያለበት ክፍል ተመቷል» የሚል አንድ መስመር ወሬ ደርሷት፣ ከየት እንደ መጣ ሳትጠይቅ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የለቅሶ ድንኳን ያስተከለች ሴት፣ ባሏ በሳምንቱ ደውሎ ድምፁን ቢያሰማትም ልጆቿ ያዩትን ለቅሶ ከልባቸው ማውጣት አትችልም።

ለማድመጥ ልምምድ

እንግዲህ በዚህ ማዕዘን ልማድ መሠረት አንድ ምናባዊ ነገር እናቅርብ፤ በቤታችሁ አንዱ እያነበበ ሌሎች አድምጡት።

ከአንድ ክፍል ንብረት ቤት አንድ ካርቶን የባትሪ ድንጋይ ጎደለ። የጠፋው ቅዳሜ ማታ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ተባለ። አንድ አሥር አለቃ ተጠርጥሮ ሲጠየቅ፣ «እኔ በዚያ ሰዓት ቤቴ ሆኜ የራዲዮ ድራማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስከታተል ነበር» አለ፤ ታሪኩንም አንድ ሳያስቀር ተረከ። ነገር ግን በዚያው ሰዓት በመኖሪያው ሁሉ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ የአሥር አለቃው ራዲዮ ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም። ሁሉም «ተያዘ!» አሉ።

እዚህ ላይ ንባቡን አቁማችሁ ልጆቹን ጠይቁ፦ ተይዟል? ካልተያዘ ምን ቀርቷል?

ጥሩ መርማሪ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሲሄድም ግድግዳው ቆርቆሮ መሆኑንና ከወዲያ በኩል የምትኖረው ጎረቤት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ እንዳላት ያገኛል። እርሷም «አዎን፣ ከፍቼው ነበር፤ እርሱም ከወዲያ ሆኖ ሲስቅ እሰማው ነበር» ትላለች። አሥር አለቃው «ስከታተል ነበር» አለ እንጂ «በራዲዮኔ» አላለም፤ ያንን የጨመርነው እኛ ነን። መርማሪው ግን በዚህም አይቆምም። የንብረት ቤቱን የገቢ ደረሰኝ ከመዝገቡ ጋር ሲያመሳክር፣ አሥራ ሁለት ካርቶን ተብሎ የተፈረመው በመኪናው ላይ ሲጫን አሥራ አንድ እንደ ነበር ይደርስበታል። ሌባ አልነበረም፤ ምክንያቱም ስርቆት አልነበረም።

ከዚህ የምናገኛቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፤ በእጅ ጣት ይቆጠራሉ። አንደኛ፣ ነገሩ በእርግጥ ሆኗል? ሁለተኛ፣ በዓይኑ ያየ ማን ነው? የነገረኝስ ራሱ ያየው ነው ወይስ የሰማው? ሦስተኛ፣ ከተነገረኝ ውስጥ እኔ በልቤ የጨመርሁት የቱ ነው? አራተኛ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አምስተኛውና ለባልና ሚስት ዋነኛው፣ የሚመለከተውን ሰው ራሱን ጠይቄዋለሁ?

አንድ ነገር ግን እናስጠንቅቅ። ኮስታራው መርማሪ ሁሉን ነገር የሚያስተምር ሰው አይደለም። ማንንም አያምንም፤ ማታ የሚመለሰውም ወደ ባዶ ክፍል ነው። ትዳርን እንደ እርሱ ቢሮ የሚያደርግ፣ በእያንዳንዱ ጥሪ «የት ነበርሽ? ከማን ጋር?» እያለ የሚያፋጥጥ ባል፣ ወይም የባሏን ስልክ እንደ መዝገብ የምትበረብር ሚስት፣ ከድራማው የወሰዱት መጥፎውን ነው። ጥያቄ ሁለት ዓይነት ድምፅ አለው። አንደኛው የሚከስስ ድምፅ ነው፤ ሁለተኛው «እንዲህ የሚል ወሬ ሰማሁ፤ አንቺ ንገሪኝ ብዬ ነው» የሚል። ቃሉ ሊመሳሰል ይችላል፤ ጆሮ ግን ልዩነቱን ወዲያው ይለያል። ለሚያምኑት ሰው የሚቀርበው ሁለተኛው ነው።

ዛሬ እነዚያ የድሮ ድራማዎች በእጅ ስልክም ይደመጣሉ፤ እንግሊዝኛ ለሚችል ደግሞ ቋንቋውን ለማሻሻል ይረዳሉ። ለማይችልም መጽሐፍ አለ፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ አንድ ሰው ከተገኘ ቤቱ ሁሉ ራዲዮ ይሆናል። በሳምንት አንድ ማታ መብራት ቀንሳችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ፣ አንድ የምርመራ ታሪክ አብራችሁ አድምጡ። የራቃችሁም ብትሆኑ አንዱን ታሪክ በየበኩላችሁ ሰምታችሁ በስልክ «ማን ይመስልሃል? ማን ይመስልሻል?» ተባባሉ። ከቤት ጉዳይና ከገንዘብ ሌላ የሚወያዩበት ነገር ያላቸው ባልና ሚስት፣ ክፉ ወሬ በመጣ ቀን መነጋገር አዲስ አይሆንባቸውም።

በቤታችሁ የፈጠራችሁትን እንቆቅልሽ ጻፉልን፤ ከመፍትሔው ጋር ይሁን፤ የተሻለውን በዚህ ማዕዘን እናወጣለን። እስከዚያው ግን በስልካችሁ ክፉ ወሬ ሲደርሳችሁ ወደ ሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት፣ ከመቆጣታችሁም በፊት፣ እንደ ዘቡ አንድ ጊዜ ተጣሩ፤ መልሱንም ጠብቁ።

ሳምንት ያገናኘን። ሰላም ለቤታችሁ።